የማሸነፍ ተስፋና የአቋም ታማኝነት፦ የሪፐብሊካን ፓርቲ የሴኔት ዕጩ አመራረጥ በሦስት የአሜሪካ ግዛቶች

በአብዛኞቹ አገሮች ለሕግ አውጪ ምክር ቤት የሚወዳደሩትን ዕጩዎች የሚያቀርቡት ፓርቲዎቹ ራሳቸው ናቸው። በኢትዮጵያም መራጩ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሚያገኘው፣ ከግል ተወዳዳሪዎች በቀር፣ ፓርቲዎች አስቀድመው የወሰኑትን ዕጩ ነው። በአሜሪካ ግን የፓርቲው ዕጩ ማን ይሁን የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው፣ በየግዛቱ ፕራይመሪ በሚባለው የዕጩ መለያ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ተራ መራጭ ነው። አሠራሩ የተስፋፋው በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ሲሆን፣ የዊስኮንሲን ሕዝብ በ1904 በሕዝበ ውሳኔ ያጸደቀው ሕግ ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዓላማውም ዕጩ የመሰየምን ሥልጣን ከፓርቲ አለቆች እጅ አውጥቶ ለመራጩ መስጠት ነበር።

ሥልጣኑ ሲተላለፍ አንድ ከባድ ኃላፊነትም አብሮ ተላልፏል። የፓርቲ አለቃ ዕጩ ሲመርጥ ሁለት ነገሮችን ያመዛዝን ነበር፤ አንደኛው ሰውየው የማሸነፍ ዕድሉ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ ካሸነፈ በኋላ ለፓርቲው ዓላማ ምን ያህል እንደሚጠቅም። ዛሬ ይህን ሚዛን የሚይዘው እያንዳንዱ የዕጩ ምርጫ ተሳታፊ ነው። በሪፐብሊካን ፓርቲ ውስጥ ለዓመታት የዘለቀው «ማሸነፍ የሚችለውን እንምረጥ» እና «የምናምንበትን እንምረጥ» የሚለው ክርክር የሚመነጨውም ከዚሁ ነው።

ይህ ጽሑፍ በ2004 በፔንሲልቬኒያ፣ በ2010 በዴላዌር፣ በ2012 ደግሞ በሚዙሪ የተካሄዱትን ሦስት የሴኔት ዕጩ ምርጫዎች በማነጻጸር ክርክሩን ይመረምራል። የሚያቀርበውም ሐሳብ የሚከተለው ነው። «ተመራጭነት»፣ ማለትም አንድ ዕጩ በጠቅላላ ምርጫ የማሸነፍ አቅም፣ ጥቂት መራጮች ስለ ብዙ መራጮች ጠባይ የሚሰጡት ግምት ነው። ግምቱ ትርጉም የሚያገኘው ዕጩው ካሸነፈ በኋላ ምን ያህል ይጠቅማል ከሚለው ሌላ ግምት ጋር ሲጣመር ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ስለ መጀመሪያው ግምት የተነሣ የሚመስለው ጠብ በእርግጥ የሚካሄደው ስለ ሁለተኛው ነው።

ሁለቱ ግምቶች

የችግሩ መነሻ የመራጮቹ ልዩነት ነው። በዕጩ ምርጫ የሚሳተፈው ሕዝብ በጠቅላላ ምርጫ ከሚሳተፈው በቁጥር ያነሰ፣ በአቋምም ለፓርቲው ይበልጥ የቀረበ ነው። ዳንከን ብላክ በ1948፣ አንተኒ ዳውንስ ደግሞ በ1957 ያስረዱት የመካከለኛው መራጭ ንድፈ ሐሳብ እንደሚለው፣ መራጮች ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ መስመር ቢሰለፉ፣ በሁለት ተወዳዳሪዎች መካከል በሚደረግ ምርጫ ወሳኙ በመሐል የሚገኘው ሰው ነው። ይሁን እንጂ የፓርቲው መካከለኛ መራጭና የግዛቱ መካከለኛ መራጭ የቆሙበት ቦታ የተለያየ ነው። ዕጩው በመጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ማስደሰት ይኖርበታል።

ለዚህ ችግር በወግ አጥባቂዎች ዘንድ የታወቀው መፍትሔ የ«ናሽናል ሪቪው» መጽሔት መሥራች ከነበሩት ከዊልያም ባክሊ ስም ጋር የተያያዘው መመሪያ ነው። የ1968ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ በተቃረበበት ወቅት ባክሊ የሰጡት ምክር፣ ማሸነፍ ከሚችሉት ዕጩዎች መካከል ይበልጥ ወደ ቀኝ ያዘነበለው ይመረጥ የሚል ይዘት ነበረው። መመሪያው ለጆሮ ቀላል ነው፤ ሁለት ነገሮችን ግን ሳይመልስ ያልፋል። «ማሸነፍ የሚችል» ማለት ምን ያህል ዕድል ያለው ማለት ነው? የማሸነፍ ዕድሉና የአቋሙ ጥራት በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱስ የትኛው ምን ያህል ይቀነስለታል?

ነገሩን በምሳሌ ማስላት ይቻላል። አንድ ወግ አጥባቂ መራጭ ጽኑ ወግ አጥባቂ የሆነ ሴናተር ለእርሱ ያለውን ጥቅም ከ100 በ90፣ የለዘብተኛውን ሪፐብሊካን በ60፣ የተቃራኒውን ፓርቲ ተመራጭ በ10 ይገምታል እንበል። ለዘብተኛው የማሸነፍ ዕድሉ 90 በመቶ፣ የጽኑው 30 በመቶ ቢሆን፣ ለዘብተኛውን መምረጥ በአማካይ 55 ነጥብ ሲያስገኝ ጽኑውን መምረጥ 34 ብቻ ያስገኛል። በዚህ ሁኔታ መራጩ ለዘብተኛውን ቢመርጥ አቋሙን አልካደም፤ ለአቋሙ የሚበጀውን አሰላ እንጂ። ነገር ግን መራጩ የለዘብተኛውን ጥቅም ከ60 ወደ 25 ዝቅ ቢያደርገው ውጤቱ ይገለበጣል፤ ለዘብተኛው 23.5 ብቻ ስለሚያስገኝ ጽኑው ይመረጣል። የማሸነፍ ዕድሎቹ ግን ቅንጣት ታህል አልተለወጡም።

ከዚህ ስሌት አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል። «ይህ ዕጩ አያሸንፍም» የሚል ማስረጃ ብቻውን መራጩን ላያሳምነው ይችላል፤ መራጩ ማስረጃውን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎም በተቃራኒው ሊወስን ይችላልና። ሦስቱ ግዛቶች ይህን በተግባር ያሳያሉ።

ፔንሲልቬኒያ፣ 2004፦ ተመራጩን መምረጥ ያስከተለው ዋጋ

አርለን ስፔክተር በ1980 ተመርጠው ወደ ሴኔት የገቡ ለዘብተኛ ሪፐብሊካን ነበሩ። በ2004 የዕጩ ምርጫ ይበልጥ ወግ አጥባቂ የነበሩት የተወካዮች ምክር ቤት አባል ፓት ቱሚ ተፎካከሯቸው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽና የግዛቱ ሌላው ሪፐብሊካን ሴናተር ሪክ ሳንቶረም ከስፔክተር ጎን ቆሙ። የክርክራቸው ፍሬ ነገር ተመራጭነት ነበር፤ ፔንሲልቬኒያ ለሁለቱም ፓርቲዎች ክፍት የሆነች ግዛት በመሆኗ የተፈተነውን ሰው መተው አያዋጣም የሚል ነው።

ስፔክተር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅ ከተሰጠበት ምርጫ በ17 ሺህ ያህል ድምፅ ልዩነት፣ በ50.8 በመቶ ለ49.2፣ አሸነፉ። በኅዳሩ ጠቅላላ ምርጫ ግዛቲቱ ለፕሬዚዳንትነት ዲሞክራቱን ጆን ኬሪን ስትመርጥ፣ ስፔክተር ግን በአሥር ነጥብ ገደማ ብልጫ መቀመጫቸውን አስጠበቁ። በመጀመሪያው መመዘኛ የቡሽና የሳንቶረም ግምት ትክክል ነበር።

ሁለተኛው መመዘኛ የተፈተነው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ስፔክተር በየካቲት 2009 የፕሬዚዳንት ኦባማን የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ ከደገፉት ሦስት ሪፐብሊካን ሴናተሮች አንዱ ሆኑ። በዚህም የፓርቲያቸው መራጭ ፊቱን አዞረባቸው፤ ቱሚም በቀጣዩ የዕጩ ምርጫ እንደሚያሸንፏቸው የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች አመለከቱ። ስፔክተር በሚያዝያ 2009 ወደ ዲሞክራቲክ ፓርቲ ተሻገሩ። በሴኔት ክርክርን ለማስቆም 60 ድምፅ ያስፈልጋል፤ የስፔክተር መሻገር ዲሞክራቶቹን ወደዚህ ቁጥር አቀረባቸው። የጤና መድን ማሻሻያ ሕጉ በታኅሣሥ 24 ቀን 2009 በሴኔት ያለፈው በ60 ድምፅ ለ39 ሲሆን፣ አንዱ ድምፅ የስፔክተር ነበር።

ለወግ አጥባቂ መራጮች ትምህርቱ ግልጽ ሆነ፤ በ2004 ስለ ተመራጭነት ሲባል የተከፈለው ዋጋ በ2009 ተመልሶ መጣባቸው። የታሪኩ ማብቂያ ደግሞ ይበልጥ አጠናከረላቸው። ስፔክተር በ2010 በአዲሱ ፓርቲያቸው የዕጩ ምርጫ በጆ ሴስታክ ተሸነፉ፤ ሴስታክም በጠቅላላ ምርጫ በቱሚ ተሸነፉ። ከስድስት ዓመት በፊት በዚያው ግዛት «ለአደጋ የሚያጋልጡ» የተባሉት ሰው በ51 በመቶ ሴናተር ሆኑ።

ዴላዌር፣ 2010፦ ተመራጩን መተው ያስከተለው ዋጋ

የፔንሲልቬኒያ ጎረቤት በሆነችው በዴላዌር የቀረበው ጥያቄ በዚሁ ዓመት፣ በዚሁ ስሜት ውስጥ ነው። ጆ ባይደን ምክትል ፕሬዚዳንት በመሆናቸው የተለቀቀውን መቀመጫ ለመሙላት በተጠራው ልዩ ምርጫ፣ የሪፐብሊካን ፓርቲ መሪዎች ያመኑባቸው ሰው ማይክ ካስል ነበሩ። ካስል ሁለት ጊዜ አገረ ገዥ፣ ከ1993 ጀምሮ ደግሞ የግዛቲቱ ብቸኛ የተወካዮች ምክር ቤት አባል የነበሩ ናቸው። ኦባማ በ2008 ወደ 62 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ ባገኙበት ግዛት ሪፐብሊካን ሆኖ ደጋግሞ ማሸነፍ ቀላል ነገር አልነበረም። የአስተያየት ጥናቶችም ካስል ዲሞክራቱን ክሪስ ኩንስን በሰፊ ልዩነት እንደሚመሩ ያሳዩ ነበር።

ተፎካካሪያቸው ክርስቲን ኦዶኔል በ2008 የፓርቲው ዕጩ ሆነው በባይደን በሰፊ ልዩነት ተሸንፈው ነበር። የቲ ፓርቲ ንቅናቄ ቡድኖችና ሳራ ፔይሊን ደገፏቸው። በካስል ላይ የቀረበው ክስ ከድምፅ አሰጣጣቸው የተቀዳ ነበር፤ በ2008 የባንኮችን መታደጊያ ሕግ ደግፈዋል፤ በ2009 ደግሞ የካርቦን ልቀትን የሚገድበውን ረቂቅ ከደገፉት ስምንት የምክር ቤቱ ሪፐብሊካኖች አንዱ ነበሩ። በአንጻሩ የኢኮኖሚ ማነቃቂያውንም ሆነ የጤና መድን ሕጉን ተቃውመዋል፤ ይህ ሁለተኛው ዝርዝር ግን ከስፔክተር በኋላ እምነት ለማስገኘት አልበቃም።

በመስከረም 14 ቀን 2010 ኦዶኔል በ53 በመቶ ለ47 አሸነፉ። በዚያ ምርጫ የተሰጠው ድምፅ 57 ሺህ ያህል ነበር። የዴላዌር የዕጩ ምርጫ ለተመዘገቡ የፓርቲው አባላት ብቻ የተፈቀደ በመሆኑ፣ ለካስል ያደሉ የነበሩት ገለልተኛ መራጮችና ለዘብተኛ ዲሞክራቶች ሊሳተፉ አልቻሉም። ከሰባት ሳምንት በኋላ በተደረገው ጠቅላላ ምርጫ ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ከ300 ሺህ በላይ ሆነ፤ ኩንስም በ57 በመቶ ለ40 አሸነፉ። በሌላ አነጋገር፣ የጠቅላላው ምርጫ መራጭ አንድ አምስተኛ የማይሞላ ሕዝብ በአራት አምስተኛው ስም ገመተ፤ ግምቱም አልሠመረም።

ያ ዓመት ለሪፐብሊካኖች ከተመቹት ሁሉ የተመቸ መሆኑ ኪሳራውን ያጎላዋል። ፓርቲው በተወካዮች ምክር ቤት 63 መቀመጫ፣ በሴኔት ስድስት መቀመጫ ሲጨምር የዴላዌር መቀመጫ ከእጁ ወጣ። ለካስል ደጋፊዎች ነገሩ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚሉት ዓይነት ነበር። የኦዶኔል መራጮች ግን የስፔክተርን ታሪክ የሚያስታውሱ ነበሩ፤ በእነርሱ ስሌት በብብት የነበረው ቀድሞውንም የእነርሱ አልነበረም። ከሁለቱ ወገኖች የትኛውም ስለ ማሸነፍ ዕድል ብቻ ቢከራከር ሌላውን ሊያሳምን አይችልም ነበር።

ሚዙሪ፣ 2012፦ ተቃዋሚው ሲመርጥ

ሦስተኛው ምሳሌ ለየት ያለ ነው፤ ምክንያቱም ስለ ተመራጭነት በትክክል ያሰላው ተቃራኒው ወገን ነበርና። ዲሞክራቷ ሴናተር ክሌር ማኬስኪል ወደ ቀኝ እያዘነበለች በሄደች ግዛት መቀመጫቸውን ለማስጠበቅ ይታገሉ ነበር። በሪፐብሊካኑ ወገን ቶድ ኤኪን፣ ጆን ብሩነርና ሳራ ስቲልማን ለዕጩነት ተፎካከሩ። የማኬስኪል ዘመቻ ኤኪን «ከመጠን በላይ ወግ አጥባቂ» ናቸው የሚል የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አሠራጨ። በመልኩ ነቀፌታ ቢሆንም በሪፐብሊካን መራጭ ጆሮ ምስጋና ነበር። ለዚህም 1.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣ። ሴናተሯ የስልቱን አሠራር በ2015 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ራሳቸው ዘርዝረው ጽፈዋል።

ኤኪን በነሐሴ 7 በ36 በመቶ አሸነፉ፤ ብሩነር 30፣ ስቲልማን 29 በመቶ ገደማ አገኙ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኤኪን በአስገድዶ መድፈር ስለሚፈጠር እርግዝና በቴሌቪዥን የሰጡት አስተያየት የራሳቸውን ፓርቲ መሪዎች ሳይቀር አስቆጣ። በኅዳር ሚት ሮምኒ ሚዙሪን ከዘጠኝ ነጥብ በላይ በሆነ ብልጫ ሲያሸንፉ፣ ማኬስኪል ደግሞ ኤኪንን ከ15 ነጥብ በላይ በሆነ ብልጫ አሸነፉ። ለሮምኒ ድምፅ ከሰጡት መካከል ብዙዎቹ ኤኪንን አልመረጡም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከዴላዌር የሚለይ ነገር አለ። ኦዶኔል ድምፅ ከሰጡት የፓርቲያቸው አባላት የአብላጫውን ድጋፍ አግኝተዋል። ኤኪን ግን ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው የዕጩ ምርጫ ድምፅ ለሌሎች ተሰጥቶ ሳለ ዕጩ ሆኑ። የሚዙሪ ሕግ ሁለተኛ ዙር ድምፅ ስለማይጠይቅ፣ የተከፋፈለው ብዙኃን በተባበረው ጥቂት ተሸነፈ።

ጥናቶች የሚያሳዩት

ሦስት ምሳሌዎች ብቻቸውን ሕግ አያቆሙም። ዕጩው ጽንፍ የያዘ በመሆኑ ተሸነፈ ወይስ ግዛቱ ቀድሞውንም አስቸጋሪ ስለ ነበር የሚለውን መለየት ያሻል። አንድሩ ሆል በ2015 በ«አሜሪካን ፖለቲካል ሳይንስ ሪቪው» ያሳተሙት ጥናት ይህን ለመለየት የተጠቀመው በጠባብ ልዩነት የተጠናቀቁ የዕጩ ምርጫዎችን ነው። ጽንፍ የያዘውና ለዘብተኛው ዕጩ በጥቂት ድምፅ ሲለያዩ፣ ማን እንዳሸነፈ የሚወስነው ከዕጣ ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ጽንፈኛው ያሸነፈባቸውንና ለዘብተኛው ያሸነፈባቸውን የምርጫ ክልሎች ማነጻጸር ይቻላል። ከ1980 እስከ 2010 የተካሄዱትን የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫዎች የሸፈነው ይህ ጥናት፣ ጽንፍ የያዘው ሲመረጥ የፓርቲው የጠቅላላ ምርጫ ድርሻ በአማካይ ከ9 እስከ 13 ነጥብ፣ መቀመጫውን የማግኘት ዕድሉ ደግሞ ከ35 እስከ 54 ነጥብ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ሆል ከዳንኤል ቶምሰን ጋር በ2018 ያሳተሙት ተከታይ ጥናት ምክንያቱን ለማብራራት ሞክሯል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መከራከሪያ ጽኑ ዕጩ የራሱን ደጋፊ ቀስቅሶ ያወጣል የሚል ነው። ግኝቱ ግን ጽንፍ የያዘ ዕጩ ይበልጥ የሚቀሰቅሰው የተቃራኒውን ፓርቲ መራጭ መሆኑን ያመለክታል።

ይሁንና አማካይ ውጤት ለእያንዳንዱ ግዛት የተጻፈ ትእዛዝ አይደለም። በዚያው በ2010 በኬንታኪ የሴኔቱ ሪፐብሊካኖች መሪ ሚች ማኮኔል የደገፏቸውን ትሬይ ግሬይሰንን ያሸነፉት ራንድ ፖል በጠቅላላ ምርጫ 56 በመቶ ያህል አገኙ። ኬንታኪ ወደ ሪፐብሊካን አጥብቃ የምታዘነብል በመሆኗ ከአማካዩ ቅጣት የሚበልጥ ስንቅ ነበራት፤ ዴላዌር ግን እንዲህ ያለ ስንቅ አልነበራትም። እንግዲህ «ጽኑ ዕጩ ያሸንፋል ወይስ አያሸንፍም» የሚለው ጥያቄ ግዛቱ ሳይጠቀስ መልስ የለውም።

የምርጫ ሕግ ድርሻ

ከላይ የታየው ሁሉ መራጩን ብቻ የሚመለከት ቢመስልም፣ ግምቱን ማን እንደሚሰጥና ድምፁ እንዴት እንደሚደመር የሚወስነው ሕግ ነው። የአላስካዋ ሴናተር ሊሳ መርካውስኪ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2010 በፓርቲያቸው የዕጩ ምርጫ በጆ ሚለር በጠባብ ልዩነት ተሸነፉ፤ በኅዳር ግን ስማቸው በወረቀቱ ላይ ሳይታተም መራጮች በእጃቸው እየጻፉት አሸነፉ። የፓርቲው ውሳኔና የግዛቱ ውሳኔ እንደሚለያይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። የአላስካ ሕዝብ በ2020 ባጸደቀው ሕግ ዕጩዎች ሁሉ በአንድ ወረቀት ቀርበው አራቱ ወደ ጠቅላላ ምርጫ የሚያልፉበትና መራጩ በቅደም ተከተል የሚመርጥበት ሥርዓት ተዘረጋ። በ2022 መርካውስኪ በዚህ ሥርዓት በዶናልድ ትራምፕ የተደገፉትን ኬሊ ቺባካን አሸነፉ።

የቨርጂኒያ ሪፐብሊካኖች ደግሞ በ2021 የአገረ ገዥ ዕጩአቸውን የመረጡት በቅደም ተከተል ድምፅ በተሰጠበት የፓርቲ ጉባኤ ነው። በዚህ አሠራር የአንድ ሦስተኛ ድጋፍ ብቻ ያለው ሰው የሌሎቹን ሁለተኛ ምርጫ ካላገኘ ዕጩ ሊሆን አይችልም። የተመረጡት ግሌን ያንግኪን፣ ባይደን ከአንድ ዓመት በፊት በአሥር ነጥብ ባሸነፉበት ግዛት በሁለት ነጥብ ያህል አሸነፉ። የአመራረጡ ሥርዓት ብቻውን ድሉን አመጣ ማለት አይቻልም፤ የሚዙሪው ዓይነት ውጤት እንዳይደርስ በር መዝጋቱ ግን ግልጽ ነው።

ማጠቃለያ

ሦስቱ ግዛቶች ሦስት ዓይነት ስሕተት ያሳያሉ። በፔንሲልቬኒያ የማሸነፍ ዕድሉ በትክክል ተገምቶ፣ ከድል በኋላ የሚገኘው ጥቅም ተጋንኖ ተገመተ። በዴላዌር ለጥቅሙ ሥጋት ከመጠን ያለፈ ቦታ ተሰጥቶ የማሸነፍ ዕድሉ ተናቀ። በሚዙሪ ደግሞ ድምፁ በመከፋፈሉና ተቃራኒው ወገን እጁን በማስገባቱ፣ የፓርቲው ብዙኃን መራጭ ግምቱን በተግባር ለማዋል ዕድል አላገኘም።

ለጥናት የሚተርፈው ነጥብ ሁለቱን ግምቶች ለያይቶ መለካት ነው። የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች «ማን ያሸንፋል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «ካሸነፈ በኋላ ምን ያህል ታምነዋለህ?» የሚለው ጥያቄ ግን ከእርሱ እኩል ክብደት አለው። ሁለቱ ጥያቄዎች ተቀላቅለው በቀረቡ ቁጥር፣ የፓርቲ መሪዎች እምነት ላጣ መራጭ የቁጥር ማስረጃ ያቀርባሉ፤ መራጩም ለቁጥሩ በእምነት መልስ ይሰጣል። ማይክ ካስል በዴላዌር የተሸነፉት የማሸነፍ አቅማቸው ተጠራጥሮ ሳይሆን አርለን ስፔክተር ከዓመት በፊት ባጎደሉት እምነት ጭምር ነበር።